ስለ ሶቪየት ባሕር ኃይል የሬዲዮ ጣቢያዎችና ከሰማይ ስለ ተነሡት ፎቶግራፎች

መንግሥታት ምሥጢራቸውን በሁለት መንገድ ይሰውራሉ፤ ቃሉን በምሥጢር ጽሕፈት፣ ቦታውን በአጥርና በዘበኛ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአሜሪካና በሶቪየት ኅብረት መካከል የቈየው ቀዝቃዛ ጦርነት ግን አንድ ትምህርት ትቶ አልፏል። ይኸውም እጅግ ሩቅ የሚሰማ ድምፅ እጅግ ትልቅ አካል የሚያስፈልገው ስለ ሆነ፣ ቃሉ ቢሰወር እንኳ አካሉ ከሰማይ ለሚመለከት ዐይን ሊሰወር አለመቻሉ ነው። «ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል» እንደሚባለው፣ የሶቪየት ባሕር ኃይል የደበቀውን ያወጣበት የገዛ ምሰሶው ጥላ ነበር። እኛም በዚህ ጽሑፍ ይህ እንዴት እንደ ሆነ፣ ደግሞም ፎቶግራፍ ሊናገር የሚችለውና የማይችለው ምን እንደ ሆነ ለመግለጽ እንሞክራለን። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ነገሩን ከሥሩ ለማስረዳት ከሰርጓጅ መርከብ መጀመር ይገባናል። የሰርጓጅ መርከብ ጕልበቱ መሰወሩ ነው፤ ትእዛዝ ለመቀበል ሲል ወደ ላይ ብቅ ካለ ግን ያለበትን ቦታ ለጠላቱ ያሳያል። ተራው የሬዲዮ ሞገድ ደግሞ የባሕር ውሃ ሲነካ ወዲያው ይጠፋል። ጨዋማውን ውሃ ዘልቆ ከ10 እስከ 20 ሜትር ያህል ሊወርድ የሚችለው እጅግ ረዥም የሆነው ሞገድ ነው። በሴኮንድ 15,000 ጊዜ የሚርገበገብ ሞገድ፣ የአንዱ ርዝመት 20 ኪሎ ሜትር ይሆናል። እንዲህ ያለውን ሞገድ ወደ አየር ለመስደድ በመቶ ሜትር የሚቈጠሩ ምሰሶዎች፣ በምሰሶዎቹ ራስ ላይ እንደ ጃንጥላ የተዘረጋ ሽቦ፣ በምድር ውስጥ የተቀበረ የብረት መረብ፣ እንዲሁም ለአንዲት ትንሽ ከተማ የሚበቃ የኤሌክትሪክ ኃይል ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ተደርጎም በዚህ መንገድ የሚያልፈው ቃል ጥቂት ነው፤ መርከቡም ይሰማል እንጂ በዚያው መንገድ መልስ አይሰጥም።

በመስከረም 1955 ሶቪየት ኅብረት ከሰርጓጅ መርከብ ላይ ባለስቲክ ሚሳይል ለመጀመሪያ ጊዜ ተኰሰች። ከዚያ ወዲህ እነዚህ ምሰሶዎች የመርከበኞች መልእክት መቀባበያ ብቻ አልነበሩም፤ ከተሞችን የሚያጠፋ ትእዛዝ ሊያልፍባቸው የሚችል ደጆች ሆኑ። የት እንዳሉና ምን ያህል ርቀት እንደሚደርሱ ማወቅ የሰላምና የጦርነት ጕዳይ የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

የዚህ ሥራ አባት ግን ሶቪየት አልነበረችም። በ1943 ጀርመን «ጎልያድ» የሚባለውን ታላቅ የሬዲዮ ጣቢያ በካልበ ከተማ አጠገብ አቁማ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ከነበሩት ሰርጓጅ መርከቦቿ ጋር ትነጋገርበት ነበር። ኃይሉ 1,000 ኪሎዋት ነበር። ሦስት ረዣዥም ምሰሶዎች በመካከል፣ 15 አጠር ያሉ ምሰሶዎች በዙሪያቸው ቆመው፣ ባንድነት ሦስት አበቦች ጐን ለጐን የፈኩ ያስመስሉ ነበር። በሚያዝያ 1945 ስፍራውን የያዘው የአሜሪካ ጦር ቢሆንም፣ አገሩ በስምምነት ለሶቪየት የተመደበ ስለ ነበረ ጦሩ በዚያው በጋ ለቅቆ ወጣ። ሶቪየቶችም ጣቢያውን ነቃቅለው ወሰዱትና በጎርኪ ከተማ አጠገብ፣ ዛሬ ኒዥኒ ኖቭጎሮድ በምትባለው፣ እንደገና ተከሉት፤ በ1952ም ሥራ ጀመረ። ከዚያ በኋላ በ1964 በዛሬይቱ ቤላሩስ በቪሌይካ የተሠራው ጣቢያ የዚያው የጎልያድ ልጅ ነበር፤ 305 ሜትር ቁመት ያላቸው 3 ምሰሶዎችና 270 ሜትር ቁመት ያላቸው 15 ምሰሶዎች ነበሩት። ልጅ አባቱን ስለሚመስል፣ የጀርመኑን ጣቢያ ንድፍ የሚያውቅ ሰው የሶቪየቱን ከሰማይ ሲያየው መለየት አይሳነውም።

አሁን ደግሞ ፎቶግራፎቹ እንዴት እንደ ተገኙ እንናገር። በሐምሌ 4 ቀን 1956 ዩ-2 የሚባለው የአሜሪካ የስለላ አውሮፕላን ለመጀመሪያ ጊዜ በሶቪየት ምድር ላይ በረረ። ግንቦት 1 ቀን 1960 ግን ፍራንሲስ ጋሪ ፓወርስ የሚያበረው አውሮፕላን በስቨርድሎቭስክ አካባቢ ተመትቶ ወደቀ፤ በረራውም ቆመ። ይሁን እንጂ አራት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ነሐሴ 19 ቀን 1960፣ «ኮሮና» ከሚባለው ሰው ሠራሽ ጨረቃ የወረደ የፊልም ማኅደር በፓራሹት ሲንሳፈፍ በሐዋይ አጠገብ አውሮፕላን በአየር ላይ ጠለፈው። ያ አንድ ማኅደር የያዘው የሶቪየት ምድር ስፋት፣ በአራት ዓመት የዩ-2 በረራዎች ሁሉ ከተነሣው ይበልጥ ነበር። በጥር 1961ም ሥዕሎቹን የሚመረምር ብሔራዊ ማዕከል በዋሽንግተን ተቋቁሞ አርተር ለንዳል የመጀመሪያው ዲሬክተር ሆኑ።

የመጀመሪያዎቹ የኮሮና ሥዕሎች ከ8 ሜትር ገደማ ያነሰን ነገር ለይተው አያሳዩም ነበር። ታዲያ ውፍረቱ ከክፍል ቤት የማይበልጥ ቀጭን ምሰሶ እንዴት ይታወቃል? ምሰሶው ባይታይ ጥላው ይታያል። ፎቶግራፉ የተነሣበት ቀንና ሰዓት፣ የቦታውም አቀማመጥ ከታወቀ የፀሐይዋ ከፍታ በሒሳብ ይገኛል፤ የፀሐይዋ ከፍታና የጥላው ርዝመት ከታወቁም የምሰሶው ቁመት ይገኛል። ለምሳሌ ፀሐይዋ ከአድማስ በላይ 30 ዲግሪ በሆነች ጊዜ፣ 305 ሜትር የሆነ ምሰሶ በሜዳ ላይ የሚጥለው ጥላ 528 ሜትር ያህል ይሆናል። ትምህርት ቤት ሳለን የተማርነው የሦስት ማዕዘን ሒሳብ ለዚህ ይበቃል። ድንኳን ከተነሣ በኋላ የካስማው ቀዳዳ ስፋቱን እንደሚናገር ሁሉ፣ ምሰሶውን የሚወጥሩት ገመዶች የታሰሩበት ካስማም በምድር ላይ ምልክት ይተዋል። በረዶ በጣለ ጊዜ ደግሞ ጥላው ይጐላል፤ የመኪና ዱካም ጣቢያው ሰው ያለበት መሆን አለመሆኑን ይገልጻል።

ሁሉም ጣቢያ የሰርጓጅ መርከብ ጣቢያ አይደለም። በአጭር ሞገድ ሩቅ አገር የሚልኩት ብዙ ጊዜ በአራት ምሰሶ ላይ የተወጠረ፣ ሁለት ጫፉ የሾለ አራት ማዕዘን ሽቦ አላቸው፤ ሹሉ ጫፍ ወደሚነጋገሩበት አገር ያመለክታል። መርማሪው ከዚያ ጫፍ ተነሥቶ በሉሉ ላይ መስመር ቢያሰምር፣ መስመሩ የት እንደሚያደርስ አይቶ ከማን ጋር እንደሚነጋገሩ ይገምታል። ላኪው ጣቢያ ብዙ ኤሌክትሪክና ትልቅ ቤት ይሻል፤ ተቀባዩ ግን ጸጥታ ስለሚሻ ከላኪው ርቆ፣ ከከተማና ከፋብሪካ ተለይቶ ይሠራል። ምሰሶዎቹ በክብ የተደረደሩ ከሆኑ ደግሞ ጣቢያው የሚናገር ሳይሆን የሚያዳምጥ ነው፤ የሌላ መርከብ ድምፅ ከየት አቅጣጫ እንደ መጣ ይለካል። ይህንም ሶቪየቶች በጦርነቱ ጊዜ ጀርመኖች በዴንማርክ ከሠሩት ወስደው አስፋፍተውታል፤ ስሙ በሩስኛ «ክሩግ»፣ ትርጓሜውም «ክብ» ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ልናስብበት የሚገባ ነገር አለ። ቅኔ የተማረ ሰው ከሰሙ ሥር ወርቁን ይፈልጋል፤ ባለቅኔው ወርቁን አስቦ አኑሮታልና ድካሙ ከንቱ አይሆንም። በፎቶግራፍ ግን ወርቁን ያኖረ ሰው የለም። ምሰሶው መታየቱ እውነት ነው፤ የሚያልፍበት ቃል ግን አይታይም። ስለዚህ ደግ መርማሪ ያየውንና የገመተውን ለይቶ ይጽፋል፤ «ነው»፣ «ሳይሆን አይቀርም»፣ «ሊሆን ይችላል» የሚሉት ቃላት ለእርሱ ልዩ ልዩ ሚዛን ናቸው። ያለ ሥዕል የተገመተ ነገር ምን ያህል እንደሚያስት የሚያሳይ ምሳሌ አለ። ሶቪየት አህጉር አቋራጭ ሚሳይል በብዛት አላት ተብሎ አሜሪካ በፍርሃት ከቈየች በኋላ፣ በመስከረም 1961 ሥዕሎቹ ታይተው የማስወንጨፊያዎቹ ግምት ከ10 እስከ 25 ብቻ ሆኖ ወረደ።

ዐይን የማይደርስበትን ጆሮ ይሞላዋል። ይህ ነገር ለኛም እንግዳ አይደለም፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት በአሥመራ የነበረው የአሜሪካ የሬዲዮ ጣቢያ፣ ወደ ኮርያ በዘመተው ጦራችን ስም «ቃኘው» ተብሎ እስከ 1977 ድረስ ሩቅ ድምፅ ያዳምጥ ነበር። ሰማይ የሚያየውና ምድር የሚያዳምጠው ተገናኝተው ካልተመሳከሩ ግን አንዱ ብቻውን ምሉዕ ምስክር አይሆንም።

ሥዕልን ማንበብ አንድ ነገር፣ ባነበቡት መጠቀም ሌላ ነገር መሆኑን ደግሞ በጎረቤታችን በሶማሊያ የሆነው ያስረዳል። የሶቪየት ባሕር ኃይል በ1970ዎቹ መጀመሪያ በበርበራ ወደብ የረዥም ርቀት የሬዲዮ መገናኛ ጣቢያና ሌላም ሥራ ሠርቶ ነበር። በሰኔ 1975 የአሜሪካ የመከላከያ ሚኒስትር ጄምስ ሽሌሲንጀር ከሰማይ የተነሡትን ፎቶግራፎች ለሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ኮሚቴ አቅርበው፣ በዚያ የሚሳይል ማከማቻ መኖሩን ተናገሩ። የሶማሊያ መንግሥት ካደ፤ መጥታችሁ እዩ ሲልም ጋበዘ። በሐምሌ ወር በሴናተር ዲዊ ባርትሌት የተመራ ቡድን ሄዶ ተመለከተ፤ ያየውም ሚኒስትሩ ከተናገሩት ጋር የሚስማማ መሆኑን መሰከረ። ነገር ግን በዚያው ወር ምክር ቤቱ በሕንድ ውቅያኖስ በዲዬጎ ጋርሲያ ደሴት ላለው የአሜሪካ ጦር ሰፈር ገንዘብ ለመፍቀድ እየተከራከረ ነበር። ሥዕሉ እውነት ነበር፤ የቀረበበት ጊዜ ግን ጕዳይ ነበረው። በኅዳር 1977 በኦጋዴን ጦርነት መካከል ሶማሊያ ሶቪየቶችን አባረረች፤ በ1980 ደግሞ በዚያው በበርበራ አሜሪካ እንድትጠቀም ተስማማች። በፎቶግራፍ የተከሰሰው ወደብ ለከሳሹ ማረፊያ ሆነ ማለት ነው።

የኮሮና ሥዕሎች በየካቲት 1995 በፕሬዚዳንት ክሊንተን ትእዛዝ ለሕዝብ ተከፈቱ፤ ቍጥራቸው ከ800,000 በላይ ነው። ለጦር የተነሡት እነዚህ ሥዕሎች ዛሬ የጥንት ከተሞችን ፍርስራሽ የሚፈልጉ ሊቃውንት መሣሪያ ሆነዋል። መምህራንም ለተማሪዎቻቸው ስለ ጥላና ስለ ማዕዘን ሲያስተምሩ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ በቀላሉ አያገኙም።

በመሥሪያ ቤት ለምንሠራው ግን የሚቀርልን ትምህርት ሌላ ነው። እነዚያ መርማሪዎች በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው በማጉያ መስታወት የሚመለከቱ፣ ስማቸው የማይነሣ ሠራተኞች ነበሩ። በአንዲት ወረቀት ላይ «ነው» በማለትና «ሊሆን ይችላል» በማለት መካከል ያለው ልዩነት አለቆቻቸውን ወደ ትዕግሥት ወይም ወደ ጥፋት ሊመራ ይችል ነበር። አለቃ ደስ እንዲለው ግምትን እውነት አድርጎ ማቅረብ ቀላል ነው፤ አይቶ፣ ለክቶ፣ የቀረውን «አልታየም» ብሎ መጻፍ ግን ድፍረትን ይጠይቃል። የምናቀርበው ዘገባ ስለ ሚሳይል ባይሆን፣ ስለ መንገድ፣ ስለ እህል ወይም ስለ ትምህርት ቤት ቢሆንም፣ ሕጉ ያው አንድ ነው፤ የሚታየውን ጥላ በትክክል እንለካ፤ ያላየነውን ምሰሶ ግን አንትከል።