የአረጋዊ ሕክምና በማን ሒሳብ? ከደዶ ቃሬዛ እስከ ጤና መድን



የዛሬው ንግግሬ በአንድ ጥያቄ ላይ ያርፋል። አንድ አረጋዊ ሲታመሙ የሕክምናቸው ወጪ በማን ሒሳብ ላይ ይጻፋል? በልጅ፣ በጎረቤት፣ በወረዳ ወይስ በመንግሥት? ጥያቄው ዛሬ የተወለደ ቢመስልም ረጅም ታሪክ አለው። ታሪኩን ካልተከተልን በየዓመቱ በመዋጮ ማደሻ ወራት የምንሰማው ቅሬታ ከየት እንደመጣ አይገባንም።

ከጅማ ወደ ደቡብ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ብላ የምትገኘው ደዶ ደጋም ቆላም ያላት ወረዳ ናት። ደጋው እህል፣ ዝቅ ያለው ቡና ያበቅላል። መንገድ ባልገባበት ዘመን በሽተኛ ከዳገቱ የሚወርደው በሰው ትከሻ ነበር። በብዙ የአገራችን ገጠሮች እንደነበረው ሁሉ ቃሬዛ የሚሸከመው ተራ የገባ ጎልማሳ ነው፤ ስንቁን የሚያዘጋጀው የበሽተኛው ቤተሰብ ነው፤ ለመድኃኒት የሚሸጠው በሬ ወይም የደረሰ ቡና ነው። ዕድር የቀብርን ወጪ አስቀድሞ በመዋጮ ሲያከማች፣ የሕክምናን ወጪ ግን ለየቤቱ ተወው። ስለዚህ የአረጋዊ ሕክምና ጥንትም ዋጋ ነበረው፤ ዋጋው ግን በየትኛውም መዝገብ አልተጻፈም። ይህን ነጥብ እንድትይዙልኝ እለምናለሁ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ዘመናዊው ሆስፒታል ወደ ጅማ የመጣው በጣሊያን ወረራ ጊዜ፣ በ1930 ዓ.ም. ነው። የተሠራው ለወራሪው ጦር ወታደሮች ነበር። ከነጻነት በኋላ በራስ ደስታ ዳምጠው ስም ተጠርቶ ለሕዝብ አገልግሎት ዋለ። በ1975 ዓ.ም. የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ተቋቋመ፤ ተማሪዎቹን በማኅበረሰቡ መካከል እንዲማሩ ወደ ወረዳዎች በመላኩም ታወቀ። ሆስፒታሉ ዛሬ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማእከል ሆኖ ለደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሰፊ ሕዝብ የመጨረሻው የሪፈራል ደጃፍ ነው። ደጃፉ መከፈቱ ግን የሚገባበትን ዋጋ ማን እንደሚከፍል አልወሰነም።

መንግሥት ለእርጅና ኀላፊነት መውሰድ የጀመረው በጡረታ በኩል ነው። በ1950ዎቹ የወጡት የጡረታ ሕጎች የመንግሥት ሠራተኛውን አቀፉ፤ የግል ድርጅት ሠራተኛው በሕግ የተካተተው በ2003 ዓ.ም. ነው። ገበሬው፣ የቡና ለቃሚዋና የገበያ ቸርቻሪው ከሁለቱም ውጭ ቀሩ። የሕክምና ክፍያን በተመለከተ ድኻው ከቀበሌ የነጻ ሕክምና ወረቀት ይዞ ይሄዳል፤ ሌላው ይከፍላል። የሚከፈለው ገንዘብም ወደ መንግሥት ግምጃ ቤት ይገባ ነበር። የ1990 ዓ.ም. የጤና አጠባበቅ ፋይናንስ ስትራቴጂ ይህን ለወጠ፤ ጤና ተቋማት ያስገቡትን ገቢ ይዘው አገልግሎታቸውን እንዲያሻሽሉበት መንገድ ከፈተ። ለተቋማቱ መልካም ነበር። በሽተኛው ግን ያን ጊዜም የሚከፍለው በታመመበት ሰዓት ነው፤ በታመመበት ሰዓት ደግሞ ገንዘብ የሌለው ከሁሉ በፊት አረጋዊው ነው።

መድን የመጣው ይህን ችግር ለመፍታት ነው። በ2002 ዓ.ም. የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690 ወጣ፤ ይህ ደመወዝተኛውንና ጡረተኛውን የሚመለከት ነው። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ መደበኛ ባልሆነው ዘርፍ ለሚኖረው ሕዝብ ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀመረ። ከኦሮሚያ ከተመረጡት አራቱ አንዱ በዚሁ በጅማ ዞን ያለው የቡናው አገር ሊሙ ኮሳ ነበር። ቀበሌው በጠቅላላ ጉባኤ ይመክር ነበር፤ አብላጫው ከተስማማ ቀበሌው ይገባ ነበር፤ ከዚያም እያንዳንዱ ቤት በፈቃዱ አባል ይሆን ነበር። በኦሮሚያ የመነሻ መዋጮው ለአንድ ቤተሰብ በዓመት 180 ብር ነበር። በሙከራው ጊዜ የፌዴራል መንግሥት የመዋጮውን 25 በመቶ ያህል ሲደጉም፣ ክልልና ወረዳ የድኻ ድኻውን መዋጮ ይሸፍኑ ነበር።

አሁን ከሕጉ ጥቃቅን አንቀጾች አንዱን ላንሣ፤ የአረጋዊው ጉዳይ ተደብቆ ያለው እዚያ ነውና። 180 ብሩ የሚሸፍነው ባልና ሚስትን ከ18 ዓመት በታች ካሉ ልጆቻቸው ጋር ነበር። ከዚያ ያለፈ ጎልማሳ የቤተሰብ አባል ሁሉ ተጨማሪ 36 ብር ይከፈልበት ነበር። አባትና እናቱን የሚጦር ገበሬ እንግዲህ 72 ብር ይጨምር ነበር፤ መዋጮው 252 ብር ይሆን ነበር ማለት ነው፤ ወላጆቹን ከማይጦረው ጎረቤቱ 40 በመቶ ይበልጥ ነበር። ሒሳቡ ለቀራጺው ትክክል ነው፤ ሽማግሌ ከልጅ ይልቅ ይታመማል። በእኛ ባህል ዓይን ሲታይ ግን ሕጉ አባትን በቤቱ ውስጥ ተጨማሪ ሰው አድርጎ ጻፈው። ምርቃት የሚቀበልበትን ጦሪነት ክፍያ የሚጨምር ጉዳይ አደረገው።

በጡረተኛው በኩል ያለው ታሪክ ሌላ መልክ አለው። የማኅበራዊ ጤና መድኑን መዋጮ የወሰነው ደንብ ቁጥር 271 ሠራተኛው ከደመወዙ 3 በመቶ፣ አሠሪው 3 በመቶ እንዲከፍሉ ሲያዝ፣ ለጡረተኛው 1 በመቶ ብቻ ደነገገ፤ መንግሥትም በአንጻሩ 1 በመቶ ይጨምራል። ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ብዙ የሚታመመው ጥቂት ይከፍላል፤ ልዩነቱን በሥራ ላይ ያለው ይሸከማል። ይህ የትውልዶች ቃል ኪዳን ነው። ይሁን እንጂ ቃል ኪዳኑ ለመጀመር ሲቃረብ በሥራ ላይ ያለው ሠራተኛ ደመወዜ ከኑሮ ውድነቱ ጋር አይመጣጠንም፤ የሚሰጠኝ አገልግሎትም ተቀናሹን አይመጥንም አለ። አፈጻጸሙም ደጋግሞ ተላለፈ። በዚህ መካከል ዕድሜ ልኩን ያስተማረ ጡረተኛ መምህር በሕጉ አወቃቀር ከገበሬው መድን ውጭ ነበር፤ የእሱ መድን ደግሞ በጋዜጣ ታትሞ በተግባር ሳይደርስለት ቆየ።

ደንቡ የማይሸፍናቸውን አገልግሎቶች ዝርዝር ማንበብም ያስተምራል። መነፅር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ የዳሌ አንጓ ቅያሬ፣ ከድንገተኛ የኩላሊት ድካም በስተቀር የኩላሊት እጥበት። ማየት፣ ማኘክ፣ መራመድ። ማንም ሽማግሌዎችን ለመጉዳት አስቦ አልጻፈውም፤ ውድ የሆነውን ነገር ማስቀረት የጀማሪ መድን ሁሉ ጥንቃቄ ነው። ነገር ግን ውድ የሆነው ነገር በአብዛኛው የእርጅና ዕጣ ሆኖ ተገኘ።

ወጪው ለምን እየናረ ሄደ? ሦስት ምክንያቶችን ልጥቀስ። አንደኛው የመድኑ ስኬት ነው፤ ካርድ ያለው ሰው በሽታው ሳይጸናበት ወደ ጤና ጣቢያ ይሄዳል፤ ለዚህም ነበር የተቋቋመው። ሁለተኛው የበሽታ ለውጥ ነው። የደም ግፊትና የስኳር ሕመም እንደ ወባ በአንድ ሳምንት መድኃኒት አይሸኙም፤ እስከ ዕድሜ ፍጻሜ በየወሩ መድኃኒት ይጠይቃሉ። ሦስተኛው የመድኃኒት ዋጋ ነው። አብዛኛው መድኃኒታችን ከውጭ የሚገዛ በመሆኑ፣ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የብር መዳከም በቀጥታ ወደ መድኃኒት ቤቱ መደርደሪያ ደርሷል። መዋጮውም ከመነሻው በተከታታይ ጨመረ። የገበሬው ገቢ ግን ለሁሉም ቤት እኩል አይደለም። ቡና ዋጋው በወጣበት ዓመት የቀለለው መዋጮ፣ ዋጋው በወረደበት ዓመት ይከብዳል። ካርዱን አሳድሶ ጤና ጣቢያ ሲደርስ መድኃኒቱ አልቋል ከውጭ ግዛ የተባለ ሰው ደግሞ ሁለት ጊዜ ከፍሏልና በሚቀጥለው ዓመት ላያድስ ይችላል። ጤነኛው ሲወጣ በሽተኛው ይቀራል፤ በሽተኛው ብቻ የቀረበት ማዕድ ደግሞ ለማንም አይበቃም።

ይህ ፈተና የእኛ ብቻ አይደለም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1965 ዕድሜያቸው 65 ለደረሰ ዜጎች ሜዲኬርን ስታቋቁም ለሐኪሞችና ለሆስፒታሎች የሚጠይቁትን ከሞላ ጎደል ትከፍል ነበር። ወጪው አልቆም ሲል በ1983 ለሆስፒታሎች በበሽታ ዓይነት የተወሰነ ክፍያ መክፈል ጀመረች፤ ፕሮግራሙ ስለ አንዳንድ መድኃኒቶች ዋጋ እንዲደራደር በሕግ የተፈቀደው ግን ገና በ2022 ነው። ጃፓን በ1973 ዕድሜያቸው 70 ለደረሰ ሕክምናን ነጻ አደረገች፤ አሥር ዓመት ሳይሞላ ሽማግሌዎቹ ጥቂት እንዲከፍሉ የሚያዝ ሕግ አወጣች። ለእኛ የቀረበችው ጋና ብሔራዊ መድኗን በ2003 ስታውጅ ዕድሜያቸው 70 ያለፈውን ከመዋጮ ነጻ አድርጋ፣ ጉድለቱን በሽያጭ ላይ በተጣለ 2.5 በመቶ ልዩ ቀረጥ ሸፈነች። የአረጋውያኑን ድርሻ የከፈለው እንግዲህ ሸማቹ ሁሉ ነው። ሦስቱም አገሮች የሚነግሩን አንድ ነገር ነው፤ ለአረጋዊ የሚገባ ቃል ከፋዩ ካልተሰየመ አይጸናም።

ወደ ቃሬዛው ልመለስ። መድን የአረጋዊን ሕክምና አላስወደደውም ብዬ አምናለሁ። ቀድሞ በተሸጠ በሬ፣ ከትምህርት በቀረች ልጅ፣ ሳይታከሙ ባለፉ አባት ይከፈል የነበረውን ዋጋ በቁጥር አውጥቶ በጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። የሚያስደነግጠን ቁጥሩ ነው፤ ዋጋውን ግን አባቶቻችን ሲከፍሉት ኖረዋል። ይህን ያልተገነዘበ ሰው መዋጮ ሲጨምር መድኑን ይጠላል። ይህን የተገነዘበ ሰው ግን ጭማሪው በማን ትከሻ ላይ እንደሚያርፍ ይጠይቃል።

እንደ አንድ የታሪክ መምህር ሦስት ነገሮችን ለውይይት አቀርባለሁ። አረጋዊ ወላጅ በመዋጮ ስሌት ከዋናው ቤተሰብ ጋር ይቈጠር፤ የሚጎድለውም ከአጠቃላይ ድጎማው ይሸፈን። መዋጮው እንደ ቤቱ አቅም ደረጃ ይኑረው። ለጡረተኛውም የተገባው ቃል የሚፈጸምበት ቀን ይቈረጥለት፤ ካልሆነም እስከዚያው ወደ ማኅበረሰብ አቀፉ መድን የሚገባበት በር በግልጽ ይከፈትለት። ሦስቱም ገንዘብ ይጠይቃሉ። ገንዘቡ ከየት ይምጣ የሚለው ጥያቄ ደግሞ ለጉባኤ የተገባ ጥያቄ ነውና፣ ቀበሌው መድኑን ለመቀበል እንደመከረበት ሁሉ ስለ ጭማሪውም ሊመክርበት ይገባል።

የቃሬዛ ተሸካሚ ሲደክመው ሌላው ተቀብሎት ይቀጥላል እንጂ በሽተኛው መንገድ ላይ አይቀመጥም። ተራው የማን እንደሆነ አስቀድሞ ይታወቅ ነበርና። አሁን ግልጽ ያልሆነልን ይህ ተራ ነው።