የግብረ ገብ ደረጃዎች ጥናት ታሪክ

ፈታኙ መምህር ከክፍል ሲወጣ ከጓደኛችን ወረቀት የማንቀዳው ስለ ምንድር ነው? እንያዛለን ብለን ፈርተን ነውን? ሰው ይታዘበናል ብለን ነውን? ወይስ ሥራው ስርቆት መሆኑን ኅሊናችን ስለሚያውቅ ነው? ሦስቱም ዐይነት ተማሪዎች በውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው፤ በውስጣቸው ግን ይለያያሉ። ሊቃውንት ይህን ልዩነት እንዴት እንደ መረመሩት በአጭሩ እንገልጻለን። ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ የሚጠቀሰው የስዊስ ተወላጅ ዣን ፒያዤ ነው። በ1932 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ እንደ ገለጸው፥ ብይ የሚጫወቱትን ልጆች ስለ ጨዋታው ሕግ ጠየቃቸው። ትንንሾቹ ሕጉ ከታላላቆች የመጣ ስለ ሆነ አይለወጥም አሉ፤ ከፍ ያሉት ግን ተጫዋቾቹ ከተስማሙ ይለወጣል አሉ። ደግሞም ሳያውቅ 15 ሲኒ ከሰበረው ልጅና ማርማላታ ሊሰርቅ ሲል አንድ ሲኒ ከሰበረው ልጅ ማን ይበልጥ ጥፋተኛ እንደ ሆነ ጠየቀ። ከትንንሾቹ ብዙዎቹ 15ቱን የሰበረውን ኰነኑ፤ ታላላቆቹ ግን የልቡን አሳብ መዘኑ።

ሁለተኛው አሜሪካዊው ሎረንስ ኮልበርግ (1927–1987) ነው። ይህ ሰው በወጣትነቱ፥ በ1947 ዓ.ም.፥ ከጦርነቱ የተረፉ አይሁዶችን ወደ ፍልስጥኤም በምታጓጕዝ መርከብ ላይ ሠርቷል። እንግሊዞች መግባቱን በሕግ ከልክለው ስለ ነበር መርከቢቱ ተያዘች፤ እርሱም በቆጵሮስ ታሰረ። እንግዲህ ሕግን መጣስ የሚገባበት ጊዜ አለን? የሚለው ጥያቄ አስቀድሞ በኑሮው ገጥሞት ነበር ማለት ነው።

በ1958 ዓ.ም. በሺካጎ ዩኒቨርሲቲ ለዶክተርነት ባቀረበው ጥናት ለ72 ወንዶች ልጆች ይህን የመሰለ ታሪክ ነገራቸው። የአንድ ሰው ሚስት በካንሰር ልትሞት ተቃርባለች፤ መድኃኒት ሻጩ የፈጀበትን ዐሥር እጥፍ ጠየቀ፤ ባልየው ገንዘቡን አጣ። ሰብሮ ገብቶ ይስረቅን? ኮልበርግ የመረመረው የየልጁን ምክንያት ነው። ከዚያም በሦስት ክፍል የተመደቡ ስድስት ደረጃዎችን አወጣ። የመጀመሪያው ክፍል ቅጣትንና የራስን ጥቅም፥ ሁለተኛው የሰውን ምስጋናና ሕግን፥ ሦስተኛው ከሕግ በላይ ያለውን ፍትሕ ይመለከታል። ከላይ ያነሣናቸው ሦስት ተማሪዎች እነዚህን ይመስላሉ።

ጥናቱ ግን ነቃፊ አላጣም። ካሮል ጊሊጋን በ1982 ዓ.ም. ባወጣችው መጽሐፍ፥ በወንዶች መልስ በተሠራ ሚዛን ሴቶችን መመዘን እንደማይገባና ለሰው ማዘንም የግብረ ገብ መሠረት እንደ ሆነ ተከራከረች። እኛም አንድ ነገር እንጨምራለን፤ ስለ ፍትሕ በወረቀት ላይ መልካም መልስ መጻፍና ፍትሕን መሥራት አንድ አይደሉም።

ዘንድሮ ትምህርታችንን የምንፈጽም ተማሪዎች ደወልና ተቈጣጣሪ ወደሌለበት ኑሮ እንወጣለን። ያን ጊዜ «ማን ያየኛል?» የሚለውን ጥያቄ ትተን «ስለ ምን አደርገዋለሁ?» ብለን ራሳችንን ለመጠየቅ ከዛሬ እንልመድ።