ጌጥን አንሥቶ ሥዕልን ማጥራት

ከጭላሎ ተራራ ግርጌ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠችው አሰላ በስንዴዋና በሯጮቿ ስሟ የገነነ ቢሆንም፣ ወጣቶቿ በጠባብ የጌም ቤቶች ውስጥ ያካበቱት ጌጥን አንሥቶ ሥዕልን የማጥራት ጥበብም በታሪክ ሊዘከር ይገባዋል እላለሁ።

የዚህ ጥበብ ጥንተ ነገር ከኮምፒውተር ይቀድማል። ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. በጥቁርና ነጭ ወደ አገራችን ገብቶ፣ በ1977 ዓ.ም. ኅብረ ቀለም ሲጨመርለት፣ ሞገዱ ደክሞ በሚደርስበት ስፍራ የቀለሙን መጠን ዝቅ ማድረግ የሥዕሉን ነጠብጣብ ያቃልል ነበር።

በ1992 ዓ.ም. «ክዌክ 3 አሬና» የተሰኘው የኮምፒውተር ጨዋታ በወጣ ጊዜ፣ የውጭው ዓለም ተወዳዳሪዎች የግድግዳውን ዝርዝር ቅርጽ ሆን ብለው አደብዝዘው፣ ተቀናቃኛቸው በልሙጡ ገጽ ላይ ጎልቶ እንዲታያቸው አደረጉ። የግራፊክስ ካርድ በሌለው አሮጌ ኮምፒውተር እግር ኳስ የሚጫወት የደጋ ልጅ ደግሞ፣ ጥላውንና የብርሃን ነጸብራቁን የሚያጠፋው አስቀድሞ በችግር ግፊት ነው፤ ነገር ግን ማሽኑ ከሸክሙ ተገላግሎ በሰከንድ 30 የነበረውን ምስል 60 ሲያደርስለት፣ ከእንቅስቃሴ ብዥታም የተለየችው ኳስ መሥመሯ ጠርቶ ስትታየው፣ ማጣት ያስተማረውን ባለጸጋው በምርጫ እንደሚሻው ያስተውላል፤ ይህም እጅግ ያስደስተኛል።

በዚህ ሁሉ ቅነሳ ውስጥ ግን ሊነካ የማይገባው የስክሪኑ የነጥብ ብዛት፣ ማለት ሪዞሉሽኑ ነው፤ እርሱ ከስክሪኑ ተፈጥሯዊ ልክ በታች ሲወርድ ሌላው ሁሉ ይደበዝዛልና።