ከተከዜ እስከ ዋሽንግተን፦ ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ በጦርና በዲፕሎማሲ

የወሎን ግዛት በ1920ዎቹ መጀመሪያ ካስተዳደሩት መኳንንት አንዱ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ነበሩ። በ1885 ዓ.ም. በሐረርጌ ተወልደው ከተፈሪ መኮንን (በኋላ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ) ጋር አብረው ያደጉ ሲሆን፣ ከወሎ በኋላ የራስነት ማዕረግ አግኝተው ጎጃምን ገዙ።

ጣሊያን ኢትዮጵያን ስትወር የጎጃምን ጦር እየመሩ ወደ ሽሬ ዘመቱ። ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ.ም. ጦራቸው ተከዜን ተሻግሮ በደምበጉይና መተላለፊያ የጣሊያንን ታንኮች ከበበ፤ ወታደሮቹ ታንኮቹ ላይ እየወጡ ድል አደረጉ። ብዙም ሳይቆይ ከአውሮፕላን የሰናፍጭ ጋዝ ወረደባቸው። ራስ እምሩ ይህን ግፍ ለጣሊያናዊው የታሪክ ጸሐፊ አንጄሎ ዴል ቦካ መስክረዋል። የመርዝ ጋዝን የሚከለክለውን የ1925 እ.ኤ.አ. የጄኔቫ ስምምነት ጣሊያን ራሷ ፈርማበት ነበር።

በመጨረሻ በሽሬ ከተሸነፉ በኋላ ወደ ምዕራብ አፈግፍገው፣ የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ምሩቃን ካሉበት የጥቁር አንበሳ የአርበኞች ማኅበር ጋር ተሰለፉ። በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተከበው እጃቸውን ሰጡ፤ ወደ ጣሊያን ተወስደውም በፖንዛ ደሴት ታሰሩ። የጣሊያን መሪ ሙሶሊኒ ከሥልጣን ሲወርድ ለጥቂት ቀናት የተያዘው እዚያው ደሴት ላይ ነበር።

ከነጻነት በኋላ በዋሽንግተን የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆኑ። በመስከረም 1941 ዓ.ም. በኮንስቲትዩሽን አዳራሽ በተደረገ የሳይንስ ማኅበር ስብሰባ ላይ በቆዳ ቀለማቸው ምክንያት መቀመጫቸውን እንዲለቁ ተጠየቁ። ኢትዮጵያ ተቃውሞዋን አቀረበች፤ የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤትም ይቅርታ ጠየቀ።

ራስ እምሩ፣ ጣሊያን የጋዝ ክልከላውን ስትጥስ ዓለም ዝም በማለቱ ዋጋ የከፈሉት በጦር ሜዳ ነው። ስለዚህ ለእሳቸው የአገር ክብር በወረቀት የሚጻፍ ቃል ብቻ አልነበረም፤ የዲፕሎማትነታቸው ክብደትም ከዚህ የመጣ ነው።

በሕንድና በሶቪየት ኅብረትም አምባሳደር ሆነው አገልግለዋል። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ላይ የተሞከረው መፈንቅለ መንግሥት መሪዎች ጠቅላይ ሚኒስትር አድርገው ሰየሟቸው። መሬታቸውን ለጭሰኞቻቸው በማከፋፈላቸው ሕዝቡ ያከብራቸው ስለነበር ምርጫው የሚያስገርም አልነበረም።

ነሐሴ 9 ቀን 1972 ዓ.ም. ሲያርፉ፣ ዘውዱን የገረሰሰው የደርግ መንግሥት በክብር ቀበራቸው። የሽሬው ዘመቻቸው በታሪክ መጻሕፍት ተደጋግሞ ይነሳል፤ የአምባሳደርነት ዘመናቸውም ያንኑ ያህል ሊጠና ይገባዋል።