ከግጭ እስከ ጓሳ፦ ተራራን የሚጠብቀው ማን ነው?

ግጭ ከሰሜን ተራሮች አናት ላይ፣ 3,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የነበረች መንደር ናት። እ.ኤ.አ. በ2016 ከ400 በላይ አባወራዎቿ ቤትና ማሳቸውን ትተው ወደ ደባርቅ ከተማ ዳር ተዛወሩ። በዓመቱ፣ በ2017፣ ዩኔስኮ ፓርኩን ከ1996 ጀምሮ ከነበረበት «አደጋ ላይ ያሉ ቅርሶች» መዝገብ አወጣው። ዜናው በጎንደርም በአዲስ አበባም በደስታ ተሰማ። የግጭ ሰው ስለ ተራራው ምን ያውቅ ነበር ብሎ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው።

ነገሩ የቆየ ነው። ፓርኩ በ1969 በንጉሡ ዘመን ሲቋቋም፣ በ1978 ደግሞ ከላሊበላ ጋር ከዓለም የመጀመሪያዎቹ 12 ቅርሶች አንዱ ሆኖ ሲመዘገብ፣ ዕቅዱ የቆመው «ዋልያን ለማዳን ሰውን ማስነሳት» በሚል ሐሳብ ላይ ነበር። ደርግም ከገደሉ ሥር ያሉ መንደሮችን በኃይል አስነስቷል። ሥርዓት ተቀያየረ፣ ሐሳቡ ግን አልተቀየረም። ፈረንሳዊው የታሪክ ምሁር ጊዮም ብላን በዚሁ ጉዳይ መጽሐፍ ጽፏል። የሚያነሳው ንጽጽርም ያማል። በእሱ አገር የሴቬን ተራሮች በ2011 በዩኔስኮ የተመዘገቡት እረኞቻቸው በፈጠሩት መልክዓ ምድር ምክንያት ነው። እዚያ እረኛው ቅርስ ነው፣ እዚህ እረኛው ስጋት ነው።

«የእኛ ገበሬ ተፈጥሮን መጠበቅ አይችልም» የሚል ካለ ወደ መንዝ ይሂድ። እዚያው አማራ ክልል ውስጥ የጓሳን ሜዳ ሕዝቡ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ጠብቆታል። ሥርዓቱ ቄሮ ይባላል (ስሙ ከቅርብ ጊዜው ፖለቲካ ጋር አይገናኝም)። ተጠቃሚው የመረጠው አባ ቄራ ሜዳውን ይዘጋል፣ አንዳንዴም ለ3 እና ለ5 ዓመት ማጨድም ማሰማራትም ይከለከላል። ሣሩ ሲደርስ ይከፈትና ሁሉም ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለከብት መኖ ይወስዳል። የጣሰ ይቀጣል። ቤተ ክርስቲያንም ከጀርባው ነበረች። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዛሬም እዚያ የሚኖሩት በዚህ ሥርዓት ነው።

ይህን ሥርዓት ያናጋው የሕዝቡ አለማወቅ አይደለም። የየካቲት 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ብዙ በደል አስቀርቷል፤ ነገር ግን ሥልጣኑን ለገበሬ ማኅበር ሲሰጥ አባ ቄራን ያለ ሥራ አስቀረው። ያም ሆኖ ማኅበረሰቡ ጥበቃውን በሌላ መልክ መልሶ አቋቋመ፤ ጓሳም ዛሬ የማኅበረሰብ ጥበቃ አካባቢ ነው።

እውነቱን ለመናገር በግጭ ግጦሹ በዝቶ ነበር። መሬቱ ተራቁቷል፣ ገብሱም ቁልቁለት ላይ ይዘራ ነበር። ሕዝብ ሲበዛ የአባቶች ደንብ ብቻውን አይበቃም። ነገር ግን ለችግሩ የተሰጠው መልስ አንድ ብቻ ነበር፦ ተነሱ። በየዓመቱ የቱ ሜዳ ይዘጋ፣ ማን ስንት ከብት ያሰማራ፣ ሣሩ መቼ ይታጨድ ብሎ ከሽማግሌዎች ጋር መቀመጥም ይቻል ነበር።

በ2019 ፓርኩ ሲቃጠል ያየነውን እናስታውስ። ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጡ። ከእነሱ በፊት ግን እሳቱን በቅጠልና በአካፋ የተጋፈጠው የአካባቢው ሕዝብ ነበር። ያልታጨደና ያልተጋጠ ሣር በበጋ ማገዶ እንደሚሆን ለማወቅ ዲግሪ አያስፈልግም። በቅርብ ዓመታትም የዋልያ ቁጥር እንደገና አሽቆልቁሏል። መንደር ማንሳት ብቻውን ዋልያን እንደማያድን ከዚህ በላይ ማስረጃ ምን አለ?

ቀጣዩ የፓርኩ ዕቅድ ሲወጣ የደባርቅና የጃናሞራ ሽማግሌዎች ካለቀ በኋላ ለማጨብጨብ ሳይሆን ሲረቀቅ ይጠሩ። ከግጭ የተነሱትም አብረው ይቀመጡ፤ የትኛው ገደል ላይ ዋልያ እንደሚወልድ፣ የትኛው ምንጭ በበጋ እንደሚደርቅ ያውቃሉ። ያን የሚያውቁት አዛውንቶች ናቸው፣ ዕድሜያቸውም እየገፋ ነው። ሳይጠየቁ ካለፉ እውቀቱ አብሯቸው ይቀበራል።