ጮሌ፦ የእርሻ መሬትና የእንግዳ ማረፊያ

በአርሲ ዞን ምሥራቃዊ ክፍል ባለችው ጮሌ ወረዳ፣ እንደ ሌላው የኦሮሚያ ገጠር፣ ገብስና ስንዴ በሚዘራበት ማሳ ላይ የእንግዳ ማረፊያ ለመሥራት የባለይዞታው ፈቃድ ብቻ አይበቃም። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም፤ በላዩ የተሠራው ቤት ግን የሠሪው ንብረት ነው።

ገበሬው የያዘው የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ስሙን፣ የማሳውን ስፋትና አዋሳኞቹን ያሳያል፤ የአልጋ ንግድ ፈቃድ ግን አይደለም። የክልሉ አዋጅ ቁጥር 130/1999 ባለይዞታው እስከ ይዞታው ግማሽ እንዲያከራይ ፈቅዶ ነበር፤ ዘመኑም ለባህላዊ እርሻ 3፣ ለዘመናዊ እርሻ 15 ዓመት ነበር። ሁለቱም በእርሻ የተለኩ ነበሩና፣ ቤት ለመገንባት መሬት የሚከራይ ባለሀብት በዚህ ውል ሊተማመን አይገባም። ማሳው ጥቂት ጥማድ ለሆነ ቤተሰብ ደግሞ ግማሹን መልቀቅ የዓመት ቀለብ ጉዳይ ነው።

በፌዴራል ደረጃ የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456/1997 በአዋጅ ቁጥር 1324/2016 ስለተተካ፣ ውል ከመግባት በፊት አዲሱን አዋጅ ማየት ያስፈልጋል።

ማሳው ወደ ከተማ ክልል ሲካለል ጉዳዩ ወደ ከተማው ፕላን ይዛወራል። ለሕዝብ ጥቅም ከተወሰደ ካሳው በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ይታያል። ማሳው እስኪካለል ሳይጠብቁ በከተማ ዳር ያለ ፈቃድ የሚሠሩት የጨረቃ ቤቶች ለመፍረስ የተጋለጡ ናቸው፤ ስለዚህ ከመሠረት ቁፋሮ በፊት የወረዳውን የመሬት ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ያስፈልጋል።