ከዓሣ ጉበት ዘይት እስከ ኤችአይቪ ክሊኒክ፦ የቫይታሚን ዲ ተስፋና ልኩ

ከኤችአይቪ ጋር የሚኖሩ ወገኖቻችንን በምንከታተልበት ክፍል ውስጥ ደጋግሞ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም «ከመድኃኒቴ ጋር ቫይታሚን ልጨምርበት ወይ?» የሚለው ነው። ጠያቂው ብዙውን ጊዜ ከዕለት ጉርሱ ቆጥቦ የሚገዛ ሰው በመሆኑ መልሱ እንዲያው በዘልማድ ሊሰጥ አይገባውም። ቫይታሚን ዲን በተመለከተ ደግሞ የዛሬው መልስ ከየት እንደመጣ ለመረዳት ወደ ኋላ መለስ ብሎ ማየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ተስፋው ከኤችአይቪ በፊት ከመቶ ዓመት በላይ በሌላ በሽታ ላይ ተሞክሯል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የሚጀምረው ከሳንባ ነቀርሳ ነው። በ1841 ዓ.ም. የኤድንብራው ሐኪም ጆን ሂውዝ ቤኔት ስለ ዓሣ ጉበት ዘይት ፈዋሽነት አንድ መጽሐፍ አሳተመ። ስምንት ዓመት ቆይቶ በ1849 ዓ.ም. ቻርልስ ዊልያምስ የተባለው ሐኪም በለንደኑ ብሮምፕተን ሆስፒታል ዘይቱን የሰጣቸውን 234 የነቀርሳ ሕሙማን ታሪክ አቅርቦ ከእነርሱ አብዛኛዎቹ እንደተሻላቸው ገለጸ። ከዚያ በኋላ ዘይቱ በአውሮፓ የነቀርሳ ሕሙማን የዘወትር መድኃኒት ሆነ። የዊልያምስ ሕሙማን ክብደት መጨመራቸው የሚያጠራጥር አይደለም፤ ዘይት ኃይል ሰጪ ምግብ ነውና። ይሁን እንጂ ዘይቱን ያልወሰደ፣ በሌላው ሁሉ ግን ከእነርሱ ጋር የሚመሳሰል አቻ ቡድን አልነበረም። ይህ ጉድለት ወደ ኋላ እንደምናየው በተለያየ መልክ እየተመላለሰ የሚመጣ ነው።

በዘይቱ ውስጥ ያለው ነገር ምን እንደሆነ የታወቀው ግን በሌላ መንገድ፣ ማለትም የሕፃናትን አጥንት በሚያጎብጠው በሪኬትስ በሽታ በኩል ነው። በሽታውን እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ግሊሰን በ1650 ዓ.ም. በሰፊው ጽፎበታል። መፍትሔው የተገኘው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት ነበር። በ1919 ዓ.ም. ኩርት ሁልድሺንስኪ በርሊን ውስጥ በሪኬትስ የተያዙ ሕፃናትን በአልትራቫዮሌት መብራት ሲፈውስ፣ በዚያው ሰሞን ኤድዋርድ ሜላንቢ በእንግሊዝ አገር በቡችሎች ላይ ባደረገው ሙከራ የዓሣ ጉበት ዘይት በሽታውን እንደሚከላከል አሳየ። አንዱ በብርሃን፣ ሌላው በምግብ ወደ አንድ ግብ መድረሳቸው ለጊዜው ግራ የሚያጋባ ነበር። በ1922 ዓ.ም. አሜሪካዊው ኤልመር ማኮለም ዘይቱን አሙቆና አየር አሳልፎበት ቫይታሚን ኤን ካጠፋ በኋላም ሪኬትስን መፈወሱን ስላረጋገጠ፣ የቀረውን ንጥረ ነገር በፊደል ተራ «ዲ» አለው። በስቴሮሎችና ከቫይታሚኖች ጋር ባላቸው ዝምድና ላይ የሠራው አዶልፍ ዊንዳውስ በ1928 ዓ.ም. የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ቆዳችን በፀሐይ ኃይል የሚሠራው ነገር ከዘይቱ ጋር ዘመድ መሆኑም ታወቀ።

ፀሐይን ለነቀርሳ የማዋሉ ሐሳብ ከዚህ ግኝት ይቀድማል። ዴንማርካዊው ኒልስ ፊንሰን የቆዳ ነቀርሳን በብርሃን በማከሙ በ1903 ዓ.ም. ኖቤል ተሸልሟል፤ በዚያው ዓመት ኦገስት ሮሊዬ በስዊዘርላንድ ተራሮች ላይ በሌዛን የፀሐይ ሕክምና መስጫ ከፈተ። ቫይታሚኑ ከተገኘ በኋላ ደግሞ በ1940ዎቹ በፈረንሳይና በእንግሊዝ ለቆዳ ነቀርሳ እጅግ ከፍተኛ መጠን ያለው ቫይታሚን ዲ ይሰጥ ነበር። ብዙዎች ተሻላቸው፤ አንዳንዶች ደግሞ በደማቸው ውስጥ ካልሲየም ከልክ አልፎ ታመሙ። ብዙም ሳይቆይ ስትሬፕቶማይሲንና አይሶኒያዚድ ስለመጡ ነገሩ ተረሳ፤ ተረሳ እንጂ በአግባቡ ተፈትኖ አልተጣለም።

እዚህ ላይ ወደ አገራችን ጎራ ማለት ተገቢ ነው። «የአሥራ ሦስት ወር ፀጋ» እያልን ለጎብኚ ስናስተዋውቃት የኖርነው ኢትዮጵያ የፀሐይ ቫይታሚን ሊጎድልባት አይገባም የሚል ግምት በብዙዎቻችን አእምሮ ውስጥ አለ። እውነታው ግን ሌላ ነው። በ1997 ዓ.ም. ሉሉ ሙሔና ባልደረቦቻቸው ከአዲስ አበባው የኢትዮ ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል ባሳተሙት ጥናት፣ የሳንባ ምች ከያዛቸው 500 ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት መካከል 210ሩ ሪኬትስ ነበረባቸው፤ የሳንባ ምች ከሌለባቸው 500 ሕፃናት መካከል ግን የተገኘው በ20ዎቹ ብቻ ነው። ሁለት ዓመት ቆይቶ የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በኢትዮጵያውያን ደም ውስጥ የሚገኘው ካልሲዲዮል፣ ማለትም የቫይታሚን ዲ ክምችት መለኪያ፣ ከኖርዌያውያኑ ያነሰ ሆኖ እንዳገኘው ገለጸ። ወደ እስራኤል በሄዱ ኢትዮጵያውያት እናቶች ላይም በ1995 ዓ.ም. ተመሳሳይ እጥረት ተዘግቦ ነበር። ጠቆር ያለ ቆዳ ቫይታሚኑን ለመሥራት ረዘም ያለ የፀሐይ ጊዜ ይፈልጋል፤ ሰውነትን የሚሸፍን ልብስ፣ የከተማ ኑሮ፣ ቡዳንና ምችን ፈርቶ ሕፃኑን ጠቅልሎ በቤት ማኖርም ይጨመርበታል። ስለዚህ ኤችአይቪ ወደ አገራችን ሲገባ ያገኘው ሕዝብ በዚህ ቫይታሚን የጠገበ አልነበረም።

ኤችአይቪንና ቫይታሚን ዲን ያገናኘው ቀዳሚ ሥራ የኖርዌይ ሐኪሞች ነው። በ1994 ዓ.ም. ባሳተሙት ጽሑፍ በኤችአይቪ በተያዙ ሰዎች ደም ውስጥ ሥራውን የሚያከናውነው የቫይታሚኑ ዓይነት እንደሚቀንስ፣ ቅነሳውም ከሲዲ4 ማነስና ከዕድሜ ማጠር ጋር አብሮ እንደሚሄድ አመለከቱ። በሌላ በኩል በ1986 ዓ.ም. የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ይኸው የቫይታሚኑ ዓይነት በብልቃጥ ውስጥ ማክሮፌጆች የነቀርሳን ባክቴሪያ እንዲገቱ እንደሚረዳ አሳይተው ነበር፤ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ መንገዱ ካተሊሲዲን በተባለ ባክቴሪያ ገዳይ ፔፕታይድ በኩል መሆኑ ታወቀ። ኤችአይቪና ነቀርሳ በአንድ ሰው ላይ በሚገናኙባቸው አገሮች ይህ ምን ያህል ተስፋ እንደሚያሳድር መገመት አያዳግትም። ርካሽ ነው፣ ማቀዝቀዣ አይፈልግም፣ በአፍ ይወሰዳል።

ተስፋውን ያጠናከረው የዳሬሰላም ሥራ ነው። በዚያ ከተማ 1,078 ኤችአይቪ ያለባቸው ነፍሰ ጡር ሴቶች የተሳተፉበትና ውጤቱ በ2004 ዓ.ም. የወጣው ሙከራ፣ የቢ ዓይነቶችን፣ ሲንና ኢን ያካተተ ቫይታሚን የበሽታውን ጉዞ እንደሚያዘገይ አረጋገጠ። ልብ ይባል፤ በዚያ ድብልቅ ውስጥ ዲ አልነበረበትም፤ ሴቶቹም ያኔ የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት አይወስዱም ነበር። ይህ ሁለት ነገር በየክሊኒኩ ሲወራ አብዛኛውን ጊዜ ተዘንግቷል። ከዚያ በኋላ በእነዚሁ ሴቶች ላይ በተደረገ ምልከታ ቫይታሚን ዲ ያነሰባቸው በበለጠ ፍጥነት እንደሚታመሙና እንደሚሞቱ በ2010 ዓ.ም. ተዘገበ። ከ1849ኙ የብሮምፕተን ዘገባ ጋር ያለው ተመሳሳይነት እዚህ ላይ ነው። ሕመም የበረታበት ሰው ከቤት አይወጣም፣ ምግብ አያሻውም፣ በሰውነቱ ያለው ብግነትም በደሙ ውስጥ የሚለካውን ቫይታሚን ይቀንሰዋል። ማነሱ የሕመሙ ምክንያት ነው ወይስ ውጤቱ?

መልሱን ለማግኘት ያለው መንገድ በዕጣ መድቦ መስጠት ነበር። በጊኒ ቢሳው በ2009 ዓ.ም. የታተመው ሙከራ፣ ከኤችአይቪ ጋር የሚኖሩትንም ጨምሮ ለነቀርሳ ሕሙማን 100,000 ዩኒት በየተወሰነ ወር ቢሰጥም የሞትን ቁጥር አልቀነሰም። ትልቁ ፈተና ደግሞ እዚያው ዳሬሰላም ነበር። ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ የፀረ ኤችአይቪ ሕክምና የጀመሩና ቫይታሚን ዲ ያነሰባቸው 4,000 አዋቂዎች በዕጣ ተለይተው፣ ግማሾቹ ለአራት ሳምንት በየሳምንቱ 50,000 ዩኒት ቀጥሎም በየቀኑ 2,000 ዩኒት፣ ግማሾቹ ደግሞ ምንም የሌለበት ማስመሰያ ኪኒን ለአንድ ዓመት ወሰዱ። ውጤቱ በ2020 ዓ.ም. ሲወጣ በሞትም ሆነ በሳንባ ነቀርሳ መያዝ ረገድ ሁለቱ ቡድኖች በስታቲስቲክስ የሚታይ ልዩነት አልነበራቸውም። በዚያው ዓመት ከሞንጎሊያ የመጣው የ8,851 ተማሪዎች ጥናትም ቫይታሚኑ በነቀርሳ ባክቴሪያ መያዝን እንደማይከላከል አሳየ። በዚህ ጸሐፊ አመለካከት ከዚህ በኋላ «ነቀርሳ እንዳይይዝህ» ወይም «ዕድሜህ እንዲረዝም» ብሎ ቫይታሚን ዲን ማዘዝ ከማስረጃ ጋር መጋጨት ነው።

ታሪኩ ግን በዚህ አያበቃም፤ ቫይታሚኑ ከጥንትም የአጥንት እንጂ የሳንባ መድኃኒት ሆኖ አልተገኘምና። ሕሙማን በሕይወት መቆየት ሲጀምሩ አጥንታቸው መሳሳቱ ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ በተከታታይ ተዘገበ። ቴኖፎቪር ፎስፌትን በኩላሊት በኩል በማባከንና የፓራታይሮይድን ሆርሞን ከፍ በማድረግ አጥንትን ይጎዳል። ኤፋቪሬንዝ ደግሞ የጉበትን ኢንዛይሞች ስለሚያነቃቃ ቫይታሚን ዲን ቶሎ እንዲሰባበር ያደርጋል፤ ለሚጥል በሽታ ፌኖባርቢታል የሚወስዱ ሰዎች አጥንታቸው እንደሚለሰልስ ከ1960ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ የሚታወቀውም በተመሳሳይ መንገድ ነው። ሪፋምፒሲንም እንደዚሁ። በአገራችን ለብዙ ዓመታት በአንድ ኪኒን ተጠቃልለው ሲሰጡ የቆዩት ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲንና ኤፋቪሬንዝ እንደነበሩ ስናስታውስ ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። በጅማ ሕክምና በጀመሩ ሕሙማን ላይ የተደረገው የምግብ ድጎማ ጥናት ቫይታሚን ዲ ያለበትን ምግብ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ያገኙት ክምችታቸው ከፍ ሲል፣ ያላገኙት ግን ዝቅ ማለቱን አሳይቷል።

በአሜሪካ በ2015 ዓ.ም. የታተመው ሙከራ ይህንን ጥያቄ በቀጥታ መልሷል። ይህን የመሰለውን ባለ ሦስት መድኃኒት ሕክምና የጀመሩ 165 ሰዎች መካከል በየቀኑ 4,000 ዩኒት ቫይታሚን ዲና 1,000 ሚሊግራም ካልሲየም ለ48 ሳምንታት የወሰዱት ከዳሌ አጥንታቸው 1.46 በመቶ ሲያጡ፣ ማስመሰያውን የወሰዱት 3.19 በመቶ አጥተዋል። ጥቅሙ ከፊል ነው፤ ሆኖም በዕጣ ምደባ የተረጋገጠ ነው።

አሁን ዶልቴግራቪር ኤፋቪሬንዝን በመተካቱ የቫይታሚኑ መሰባበር ጉዳይ ቀለል ብሏል፤ ቴኖፎቪር ግን በብዙዎች እጅ እንዳለ ነው። አዲሱ ሕክምና የራሱን ጥንቃቄ ይዞ መጥቷል፦ ካልሲየም ዶልቴግራቪርን ሆድ ውስጥ ይዞ ወደ ደም እንዳይገባ ያደርገዋል። ስለሆነም ቫይታሚን ዲና ካልሲየም የተቀላቀለበትን ኪኒን የሚወስድ ሰው ሁለቱን ከምግብ ጋር አብሮ ይውሰድ፤ ያለ ምግብ ከሆነ ግን ዶልቴግራቪርን ካልሲየሙን ከመውሰዱ ሁለት ሰዓት አስቀድሞ ወይም ከወሰደ ስድስት ሰዓት ቆይቶ ሊወስድ ይገባል። ታካሚው ከመድኃኒት መደብር በራሱ የገዛውን ኪኒን ሳይጠየቅ አይናገርም፤ ስለዚህ በእያንዳንዱ ቀጠሮ ካርዱ ላይ ከመጻፋችን በፊት መጠየቁ የእኛ ፋንታ ነው።